የተማሪውን ስንቅ መፍታት፦ ከየአቅጣጫው የመጡ ተማሪዎችን ዕውቀት ክፍል ውስጥ ለማዋል የመምህር መመሪያ

አዲስ ተማሪዎች በሚገቡበት ሰሞን ስድስት ኪሎ አካባቢ ያለፈ ሰው ያውቀዋል። ከላምበረት፣ ከአስኮና ከቃሊቲ መናኸሪያ የተነሱ ታክሲዎች ልጆችን ከነሻንጣቸው፣ ከነብርድ ልብሳቸው፣ ከነስንቃቸው ያወርዳሉ። አንዱ በሶ ይዟል፣ ሌላዋ ጭኮ፣ ሌላው ዳቦ ቆሎ። እናቱ የቋጠረችለትን ዶርም እስኪገባ ያልፈታ አለ። የግቢው ጥበቃ ሻንጣውን ይፈትሻል፣ ሬጅስትራሩ የ12ኛ ክፍል ውጤቱን ይመዘግባል፣ እኛ መምህራን ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት እንግሊዝኛውን እንለካለን። ከዚያ በኋላ ልጁን የምናውቀው በጎደለው ነው፦ አይናገርም፣ ሰዋስው አይችልም፣ ሒሳቡ ደካማ ነው።

እኔም ለብዙ ዓመት እንዲሁ ሳደርግ ኖሬያለሁ። የማስተምረው ኮሙኒኬሽንና የምርምር ዘዴ ነው፤ ኮሌጁ ከአራት ኪሎ ብዙ አይርቅም። አንድ ዓመት ከአፋር የመጣች ተማሪ ነበረችኝ። ስድስት ሳምንት ሙሉ ድምጿን አልሰማሁም፤ በማስታወሻዬ ላይም ከስሟ አጠገብ “ደካማ” ብዬ ጽፌ ነበር። በሰባተኛው ሳምንት “በአራት ኪሎ ዙሪያ መጽሐፍ የሚያዞሩ ሰዎችን አነጋግራችሁ ሪፖርት አቅርቡ” አልኩ። ሌሎቹ ወረቀት እያዩ አነበቡ። እሷ ባዶ እጇን ቆማ በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ ሲያቅታት በአማርኛ፣ መጀመሪያ ማንን እንዳገኘች፣ የት ቁጭ ብሎ እንደነበር፣ በዓይኗ ያየችው ምን እንደሆነ፣ እሱ የነገራት ምን እንደሆነ፣ ሁለተኛው ሰው የቱን ቃል እንዳፈረሰው በቅደም ተከተል ነገረችን። የት ተማርሽው ብዬ ጠየቅኳት።

“ዳጉ ነው ቲቸር። እኛ ጋ ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ያየውንና የሰማውን ይነጋገራል። የሰማኸውን ‘አየሁ’ ብለህ ካወራህ ሌላ ጊዜ ማንም አያምንህም።”

በዓይን የታየን መረጃ ከሌላ ሰው ከተሰማ መለየትን ለማስተማር ስድስት ሳምንት ፈጅቼ ነበር። እሷ ግን ፍየል ስትጠብቅ ጀምሮ ታውቀው ኖሯል። ያንን “ደካማ” የሚል ቃል ሰረዝኩት፤ እስካሁን ግን ከኅሊናዬ አልወጣም። ከዚያ ወዲህ በየሴሚስተሩ የምሠራበትን መንገድ እነሆ። ለየትኛውም ትምህርት መምህር ይሆናል፤ በጀትም ፈቃድም አይጠይቅም።

ደረጃ 1፦ በመጀመሪያው ሳምንት ቁራጭ ወረቀት ያስሞሉ

አንድ ገጽ ወረቀት አራት ቦታ ቆርጠው ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ አንድ ይስጡ። ጊዜው 15 ደቂቃ ይበቃል። ተማሪው በፈለገው ቋንቋ ይጻፍ፤ እርስዎ የማያነቡት ቋንቋ ከሆነ በኋላ በቃል ያስረዳዎታል፤ ያ ራሱ ጥሩ የመተዋወቂያ አጋጣሚ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ሞክሬ የቀሩኝ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦

– ኮሌጅ ከመግባትህ በፊት ከትምህርት ውጭ በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ የምትሠራው ሥራ ምን ነበር?
– በቤትህ ወይም በሰፈርህ ሰዎች ምን ሲቸግራቸው አንተን ይጠሩሃል?
– ለሌላ ሰው አስተርጉመህ ታውቃለህ? ለማን? የት?
– ከትምህርት ቤት ውጭ የሆነ ነገር ያስተማረህ ሰው ማን ነው? እንዴት አድርጎ አስተማረህ?
– በክፍል ውስጥ እንዲነሳብህ የማትፈልገው ነገር ካለ ጻፈው።

ብሔርና ሃይማኖት የሚል መጠይቅ የለበትም። ይህን አጥብቄ የምለው በምክንያት ነው። በእኛ አገር ብሔርን የሚጠይቅ ወረቀት ሲመጣ ተማሪው ይሸማቀቃል፤ ወረቀቱ የት እንደሚሄድ ያስባል፤ እውነቱን ቢጽፍ ምን እንደሚያስከትልበት ይመዝናል። ሥራውን ሲጠይቁት ግን ይናገራል። ደግሞም ለማስተማር የሚጠቅምዎ ሥራው ነው።

ወረቀቱን ከማደልዎ በፊት ለምን እንደሚጠይቁ፣ ከእርስዎ በቀር የሚያነበው እንደሌለና ባዶ መመለስም እንደሚቻል ይንገሯቸው። የመጨረሻዋን ጥያቄ በፍጹም አያስቀሩ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም በሰሜን በተደረገው ጦርነት ትምህርቱ የተቋረጠበት፣ በሌላም ቦታ ከቤቱ የተፈናቀለ ልጅ ከፊትዎ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ያ ልጅ ብዙ ነገር ተቋቁሞ እዚህ ደርሷል፤ ይህን ማወቅ ለእርስዎ ይጠቅማል፤ ቁስሉን ለክፍል እንዲያወራ ማድረግ ግን ተገቢ አይደለም።

ይህ ሐሳብ የእኔ ፈጠራ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በአሪዞና ግዛት በቱሳን ከተማ እነ ሉዊስ ሞል በፈረንጆች 1992 ባወጡት ጥናት መምህራን ራሳቸው የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸውን ተማሪዎች ቤት እየዞሩ ቤተሰቡ ስለ እርሻ፣ ስለ ግንባታ፣ ስለ ንግድ፣ ስለ ሕክምና ምን እንደሚያውቅ ይጠይቁ ነበር። የእኛ ተማሪ ቤት ሞያሌ ነው፣ ጂንካ ነው፣ ደባርቅ ነው፤ ሄዶ ማንኳኳት አይቻልም። ስለዚህ ቤቱን በቁራጭ ወረቀት እናመጣዋለን።

ደረጃ 2፦ ወረቀቱን ሲያነቡ ግሱን ይፈልጉ

60 ተማሪ ካለዎት አንድ ምሽት ይወስዳል። አንድ ደብተር ይክፈቱና ገጹን ሁለት ቦታ ይክፈሉት። በግራ ተማሪው የጻፈውን ግስ ያስፍሩ፦ ቆጠርኩ፣ አስታረቅኩ፣ አስተረጎምኩ፣ ሸመንኩ፣ ጠበቅኩ፣ ሰበሰብኩ፣ በቃሌ ያዝኩ። በቀኝ ይህ ግስ በእርስዎ ትምህርት ውስጥ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ይጻፉ። ሥራው ሁሉ ያለው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ በምሳሌ ላሳይ።

“እናቴ ዕቁብ ስለምትሰበስብ እኔ ጸሐፊ ነበርኩ” የሚል ወረቀት በየዓመቱ አገኛለሁ። ብዙ መምህር ፈገግ ብሎ ያልፈዋል። አካውንቲንግ ወይም ኢኮኖሚክስ የሚያስተምሩ ከሆነ አይለፉት። 20 አባል ያለውና በየሳምንቱ 500 ብር የሚጣልበትን ዕቁብ ይውሰዱ። ዕጣው 10,000 ብር ነው፤ በ20 ሳምንት ያልቃል። በመጀመሪያው ሳምንት የወጣለት ሰው የከፈለው 500 ብር ብቻ ሆኖ 10,000 ይቀበላል፤ ቀሪውን 9,500 በ19 ሳምንት ይመልሳል። ይህ ሰው ያለ ወለድ ተበድሯል። መጨረሻ ላይ የሚወጣለት ደግሞ 19 ሳምንት ሙሉ ሲያጠራቅም ቆይቷል፤ ብሩ ተመሳሳይ ነው፣ ገበያው ግን በመሃል ተወዷል። የቸገረው ሰው ዕጣ ከወጣለት ላይ ጥቂት ብር ጨምሮ ተራውን ይገዛል። እንግዲህ የገንዘብ የጊዜ ዋጋ፣ ቅናሽ፣ ዋስትና፣ የዋጋ ንረት፣ ሁሉም በዚያች ልጅ የዕቁብ ደብተር ውስጥ አለ። ዋስ የሌለው አባል መጀመሪያ ዕጣ ቢወጣለት ምን እንደሚደረግ ይጠይቋት፤ ስለ ብድር ስጋት ሀንድአውቱ ላይ ካለው የጠራ መልስ ትሰጥዎታለች።

የአብነት ትምህርት ቤት የቆየ ተማሪ ሌላው ነው። ቅኔ ቤት የዋለ ልጅ ሁለት ቤት የምትሆነውን ጉባኤ ቃና ሲቆጥር ሰሙንና ወርቁን አንድ ላይ መሸከም፣ የግዕዙን ሰዋስው መጠበቅና ዜማው እንዳይሰበር መጠንቀቅ አለበት። ከዚያ አስነጋሪው ፊት ቆሞ ይነግራል፤ ጓደኞቹ እየሰሙ ይታረማል፤ በማግስቱ ደግሞ አዲስ ይዞ ይመጣል። ሥራን በሰው ፊት አሳርሞ ሳይከፋ ደግሞ መጻፍ፣ በየኮሌጁ ተማሪ እያስጨነቅን የምናስተምረው ነገር ነው። ይህ ልጅ በየቀኑ አድርጎታል። ከወሎም ይሁን ከሐረር መድረሳ ቆይቶ ቁርኣን በቃሉ የያዘውንም እንዲሁ ይዩት። ለውሑ (የእንጨት ሰሌዳው) ላይ ጽፎ፣ ደግሞ ደጋግሞ፣ ሲይዘው አጥቦ አዲስ ይጽፍበታል። ክለሳ እንዴት እንደሚደረግ ያውቃል፤ አናቶሚ የሚያስተምሩ ከሆነ ይህን ልጅ የክለሳ ዘዴውን ለክፍሉ እንዲያሳይ ያድርጉት።

አስተርጓሚ ሆነው ያደጉ ልጆች በጣም ይበዛሉ፤ ግን “ሥራ” ብለው አይቆጥሩትም። እናቱን ይዞ ጤና ጣቢያ ሄዶ ሐኪሙ ያለውን ወደ ሲዳምኛ፣ እናቱ ያለችውን ወደ አማርኛ ያሻገረ የ12 ዓመት ልጅ የሚከብደውን ቃል አለዝቦ፣ የማይባለውን አልፎ፣ የሚያስፈልገውን ሳይጥል መናገር ተለማምዷል። ነርሲንግ፣ ሕግ፣ ሶሻል ወርክ ለሚማር ሰው ከዚህ የበለጠ መነሻ ምን አለ?

የገበሬ ልጅ ወንፈልና ደቦን ለይቶ ያውቃል። ወንፈል የቀን ዕዳ ነው፤ ዛሬ እኔ ማሳ ላይ ከዋልክ ነገ አንተ ማሳ ላይ እውላለሁ። ደቦ ሲሆን ደግሞ የጠራው ሰው አብልቶና አጠጥቶ ያሠራል። ማኔጅመንት ላይ ስለ ሥራ ክፍፍል ሲያስተምሩ ይህ ልጅ የሚለው አለው። የታክሲ ረዳት ሆኖ የሠራ የአዲስ አበባ ልጅ፣ እናቷ እንጀራ ስትሸጥ የጤፉን፣ የማገዶውንና የመብራቱን ወጪ ደምራ ትርፉን የምታወጣ የጉለሌ ልጅም ከክፍለ አገር የመጡት ባልንጀሮቻቸው ያላቸውን ያህል ስንቅ አላቸው። “ባህል ያለው ከሩቅ የመጣው ነው” የሚል ስህተት ብዙ ጊዜ አያለሁ፤ የከተማውን ልጅ ባዶ አድርገን እናልፈዋለን።

ግራ ሲገባዎ የሚረዳ ሌላ ማውጫ አለ። አሜሪካዊቷ ምሁር ታራ ዮሶ በፈረንጆች 2005 ተማሪ ከማኅበረሰቡ ይዞት የሚመጣውን ሀብት በስድስት መድባዋለች፦ ችግር እያለ የማይጠፋ ተስፋ፣ ቋንቋ፣ ቤተሰብ፣ ማኅበራዊ ትስስር፣ በማያውቁት ተቋም ውስጥ መንገድ የማግኘት ብልሃት፣ እና በደልን እምቢ ማለት። እሷ የጻፈችው በአሜሪካ ስላሉ ነጭ ያልሆኑ ማኅበረሰቦች ነው፤ እንዳለ ገልብጠን የምንለጥፈው አይደለም። ቢሆንም አንድ ወረቀት ባዶ ሲመስለኝ እነዚህን ስድስቱን በልቤ እጠራለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ይገኛል። ከቤተሰቡ የመጀመሪያው የኮሌጅ ተማሪ ሆኖ ብቻውን ከመናኸሪያ ሬጅስትራር፣ ከሬጅስትራር ባንክ፣ ከባንክ ዶርም የደረሰ ልጅ አምስተኛው አለው።

ደረጃ 3፦ በስሙና በአገሩ አይገምቱ

ይህን ስህተት እኔ ሠርቼዋለሁ። አንድ ልጅ ከጉራጌ ዞን መምጣቱን ሰምቼ የንግድ ፕሮጀክቱን ቡድን እሱ እንዲመራ አደረግሁ። “ቲቸር፣ አባቴ መምህር ነው፤ ሱቅ ገብቼ ዕቃ ከመግዛት በቀር ሸጬ አላውቅም” አለኝ። ክፍሉ ሳቀ፤ ልጁ አቀረቀረ። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ በሁሉም ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት። የአርብቶ አደር ልጅ ሁሉ ከብት አይጠብቅም፤ የኮንሶ ልጅ ሁሉ እርከን አልሠራም፤ ዶርዜ ሁሉ ሸማኔ አይደለም። ወረቀቱ ላይ ያልጻፈውን አይጫኑበት። ከዚህ ደረጃ የሚይዙት ይህን አንድ ነገር ብቻ ቢሆንም ይበቃል።

ደረጃ 4፦ ለተመረጡ ምዕራፎች አንድ አንድ ወረቀት ያጣምሩ

የኮርሱን ማውጫ ከፊትዎ ያድርጉና ከምዕራፎቹ ሦስት ወይም አራት ይምረጡ። ሁሉንም አይሞክሩ፤ ይደክምዎታል፤ ተማሪውም ይሰለቻል። በተመረጡት ምዕራፎች አጠገብ ከደብተርዎ የሚገጥመውን የተማሪ ሥራ ይጻፉ። ከዚያ ትምህርቱን በዚያ ይክፈቱ፦ መጀመሪያ ተማሪው አሠራሩን ለ5 ደቂቃ ያስረዳል (አስቀድመው ፈቃዱን ይጠይቁት)፣ ቀጥሎ እርስዎ የመጽሐፉን ቃል ያስገባሉ፣ በመጨረሻ ክፍሉ ሁለቱ የት እንደሚገጥሙና የት እንደሚለያዩ ይፈልጋል።

ሲቪል ምህንድስናና አካባቢ ሳይንስ የሚያስተምር ሰው በ2003 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባውን የኮንሶ የድንጋይ እርከን አጠገቡ አለለት፤ ውኃው አፈሩን ሳያጥብ እንዴት እንደሚወርድ በሰሌዳ ማሳየት የሚችል ልጅ ካለው በጣም ጥሩ። ባዮሎጂ ላይ በ2016 ዓ.ም የተመዘገበው የጌዴኦ መልክዓ ምድር አለ፤ ትልልቅ ዛፎች ከላይ፣ ቡናና እንሰት ከሥር፣ አንዱ ላንዱ ጥላ ሆኖ በአንድ ማሳ። ፊዚክስ ወይም ጂኦግራፊ ላይ አያንቶ የሚባሉት የሲዳማ አዋቂዎች ከዋክብትን አይተው የዘመን መለወጫቸውን የፍቼ ጨምበላላን ቀን የሚወስኑበትን መንገድ ያንሱ።

ሕግና የፖለቲካ ሳይንስ ላይ የገዳ ሥርዓት ራሱን የቻለ ክፍለ ጊዜ ይፈልጋል። ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ይተላለፋል፤ አምስት ክፍሎች ተራ በተራ ይይዙታል፤ ዙሩ በ40 ዓመት ይሞላል። የሥልጣን ዘመን ገደብን በውጭ አገር ሕገ መንግሥት ብቻ ለምን እናስተምራለን? ግን እዚህ ላይ ተማሪውን የሚከብድ ጥያቄ መጠየቅም አለብዎ፦ በዚህ ሥርዓት ሴቶች የት ናቸው? የሚያውቅ ተማሪ ሲንቄን ያነሳል፤ ሴቶች በትራቸውን ይዘው ወጥተው ፍትሕ የሚጠይቁበትን መንገድ። ከዚያ ውይይቱ ይሞቃል፤ ያ በቂ ነው ወይስ አይደለም የሚለው። የተማሪን ባህል እያወደሱ ብቻ ማለፍ ንቀት ይመስለኛል፤ ልክ እንደ ማንኛውም ዕውቀት ተፈትኖ ሲቆም ነው የከበረው። ዕቁቡንም፣ ሽምግልናውንም እንዲሁ ይፈትኑ፦ ማን ይገባበታል? ማን አይገባበትም? ደካማው ሲበደል ምን ይደረጋል?

በኅዳር 29፣ በብሔር ብሔረሰቦች ቀን፣ ተማሪው የአገሩን ልብስ ለብሶ ሲጨፍር ማየት ደስ ይላል፤ እኔም አጨበጭባለሁ። ይሁን እንጂ በማግስቱ ክፍል ሲገባ የሚያውቀው ነገር ቦታ ከሌለው፣ ኮሌጁ ያየው ልብሱን ብቻ ነው።

ደረጃ 5፦ ቋንቋውን ከበር ውጭ አያስቀሩት

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ካደረገ ወዲህ ከፊትዎ ያለው ተማሪ ክፍልፋይን በአፋን ኦሮሞ፣ ፎቶሲንተሲስን በትግርኛ ወይም በሶማልኛ የተማረ ሊሆን ይችላል። ኮሌጅ ሲገባ ሁሉም ነገር እንግሊዝኛ ይሆናል፤ በካፌና በዶርም ደግሞ አማርኛ። ሦስት ቋንቋ እያፈራረቀ የሚኖርን ሰው ዝም ስላለ ብቻ “አያውቅም” ብሎ መፈረጅ ተገቢ አይደለም።

የሚሠራው እንዲህ ነው። ከባድ ጥያቄ ሲያነሱ ለ10 ደቂቃ ሁለት ሁለት ሆነው በሚቀላቸው ቋንቋ ይነጋገሩ፤ ከዚያ 5 ደቂቃ በእንግሊዝኛ ይጻፉ፤ ከዚያ ብቻ ይናገሩ። ዝምታው እንዴት እንደሚሰበር ያያሉ። ግሩፕ ወርክ ሲሰጡ በዶርም ወይም በመጡበት አካባቢ እንዲቧደኑ አይተዋቸው፤ ወረቀቱን አይተው እርስዎ ያዋቅሩ። በአምስት ሰው ቡድን ውስጥ የሚቆጥር፣ የሚጽፍ፣ የሚያነጋግር፣ የሚያስታርቅ እንዲገኝ ያድርጉ፤ በሁለተኛው አሳይመንት ደግሞ ሚናቸውን ያቀያይሩ፤ ያለበለዚያ አንዷ ሴሚስተሩን ሙሉ ጸሐፊ ሆና ትቀራለች።

ሌላው የቃላት ሰሌዳ ነው። በክፍሉ ግድግዳ ላይ ትልቅ ወረቀት ይለጥፉና ዋና ዋናዎቹን የትምህርቱን ቃላት ተማሪዎቹ በየቋንቋቸው ይጻፉበት። አንድ ቀን “ወለድ” ላይ ደርሰን አንድ ተማሪ በአፋን ኦሮሞ “ዸላ” ነው ብሎ ጻፈ፤ ቀጥሎ “ቲቸር፣ በእኛም ቃሉ ልጅ ማለት ነው” አለ። ወለድ ከወለደ፣ ዸላም ከመውለድ። ሁለቱም ቋንቋ ገንዘብ ገንዘብን ሲወልድ አይቷል። አንዲት ሙስሊም ተማሪ ተነስታ በሃይማኖቷ ይህ ለምን እንደሚከለከል፣ ከወለድ ነፃ ባንክ ምን እንደሚያደርግ አስረዳች። ያን ክፍለ ጊዜ ያዘጋጀሁት እኔ አልነበርኩም፤ ግን እስከ ዛሬ ካስተማርኩት የሚበልጥ ነበር።

ደረጃ 6፦ አንድ ጊዜ ከክፍል ይውጡ

መሃል አዲስ አበባ ላይ ማስተማር ትልቅ ዕድል ነው። በስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ቀድሞ የአጼ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት የነበረ፣ በ1954 ዓ.ም ለዩኒቨርሲቲው የተሰጠ ሕንፃ ነው። ዕቃዎቹ በብሔር ተከፋፍለው ሳይሆን በሰው ዕድሜ ተደርድረዋል፤ ከልጅነት ተነስቶ በጉልምስና አልፎ እስከ ሞት። ለዚህ ሥራ የሚመች አደራደር ነው።

ተማሪዎቹ ቤታቸው ያለ ወይም አያታቸው ዘንድ ያዩት አንድ ዕቃ ይፈልጉ። ከጎኑ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ። ከዚያ ጽሑፉ ያላለውን፣ ማን እንደሚሠራው፣ መቼ እንደሚወጣ፣ ሲሰበር ምን እንደሚደረግ፣ በ150 ቃል ይጻፉ። ጊዜ ካለ ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ሽሮ ሜዳ ድረስ ይሂዱና ጥለት ሲሠራ ይዩ፤ ስንት ክር እንደሚቆጠር ጠይቀው ይመለሱ። መግቢያውንና ታክሲውን አስቀድመው ያስቡበት፤ ነን ካፌ ሆኖ በራሱ ገንዘብ የሚበላ ተማሪ ለጉብኝት የሚያወጣው ብር ከምሳው ላይ የሚቀነስ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 7፦ ነጥብ ይስጡበት

ነጥብ የሌለው ነገር ተማሪው ዘንድ ጌጥ ነው፤ ሚድ ሲደርስ ይጣላል። እኔ ከኮንቲኒዩስ አሰስመንት ውስጥ 20 ነጥብ እመድብለታለሁ። የሚያውቁትን አሠራር ሌላ ሰው ሊከተለው በሚችል መልኩ በትክክል ለገለጹበት 6፣ ከምዕራፉ ሐሳብ ጋር ላገናኙበት 6፣ አሠራሩ የሚጎድለውንና የማይሠራበትን ቦታ ላሳዩበት 5፣ ለቋንቋ 3። ለቋንቋ ትንሽ የሰጠሁት ሆን ብዬ ነው፤ ቋንቋውን የሚመዝን ሌላ ፈተና ሞልቷል። ቤተሰቡን ወይም መንደሩን ማውራት የማይፈልግ ተማሪ ከሕዝብ የታወቀ አሠራር መርጦ ይሥራ፤ እኩል ይታረምለት።

የሥራ ባልደረቦቼ “ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፤ ለዚህ ጊዜ የት ይገኛል?” ይሉኛል። ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ ተማሪው ያን ፈተና ካላለፈ ዲግሪ የለውም። የምመልሰው እንዲህ ነው፦ በዕቁቡ ይክፈቱት፣ ሐሳቡ ይግባው፣ ከዚያ የፈተናውን ቃልና የፈተናውን ዓይነት ጥያቄ ሳይሰስቱ ያለማምዱት። የገባው ነገር ላይ የተለጠፈ ቃል አይረሳም። ካልሆነ ግን ከመውጫ ፈተናው በኋላ የሚረሳውን በዶርም ሲያነበንብ ያድራል።

ደረጃ 8፦ ዕውቀቱን በስሙ ይጥሩት፣ በጽሑፍም ያስፍሩት

ተማሪ ሲቪ ይዞ ሲመጣ “የሥራ ልምድ” የሚለው ቦታ ባዶ ነው። የእርሱን ቁራጭ ወረቀት ያውጡና አብረው ይሙሉት። “20 አባላት ያሉት የዕቁብ ማኅበር ጸሐፊ፣ 3 ዓመት”፤ “በጤና ጣቢያ የቤተሰብ አስተርጓሚ”፤ “የታናናሾች ሞግዚትና የቤት ወጪ ያዥ”። ያልነበረውን አይጨምሩ፤ የነበረውን ግን አያሳንሱት። የድጋፍ ደብዳቤ ሲጽፉም “ትጉህና ጨዋ ተማሪ ናት” የሚለውን ተወት ያድርጉና በዓይንዎ ያዩትን ይጻፉ። ለዚያች የአፋር ልጅ የጻፍኩት ደብዳቤ አንድ አንቀጽ ብቻ ነበር፦ ምን እንደጠየቅኋት፣ ማንን እንዳነጋገረች፣ ያየችውን ከሰማችው እንዴት እንደለየች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ተማሪው ጠንካራ ነው ማለት አይራብም ማለት አይደለም። “እነሱ ችግርን የለመዱ ናቸው” የሚል ቃል ከመምህር አፍ ሲወጣ ሰምቼ በጣም አዝኛለሁ። ብርታቱን ያየ ሰው ዶርሙ ውኃ እንዳለው፣ ካፌው እንደሚያጠግበው፣ መነጽር እንደሚያስፈልገውም ማየት አለበት። ወረቀቱ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ካገኙ ተማሪውን ራስዎ ይዘውት ወደ ተማሪዎች አገልግሎት ክፍል ይሂዱ፤ “ሂድና ጠይቅ” ብለው አይሸኙት።

ደረጃ 9፦ ወረቀቱን ይመልሱ

በሴሚስተሩ የመጨረሻ ክፍለ ጊዜ ቁራጭ ወረቀቶቹን ለየባለቤቶቻቸው ይመልሱ። ተማሪዎቹ ጀርባው ላይ ለአንድ ጥያቄ መልስ ይጻፉበት፦ ዛሬ ቢሆን ምን ትጨምርበታለህ? መልሱን ለእርስዎ መስጠትም፣ ይዞ መሄድም የእርሱ ምርጫ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ባዶ የመለሱ ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ የሚጽፉት በዚህ ቀን ነው። አንድ ጊዜ ፊቱ ነጭ የነበረ ወረቀት ጀርባው ሞልቶ ደረሰኝ፤ ልጁ ለስድስት ዓመት በሽማግሌዎች መሃል ውኃ እያቀረበ ዕርቅ ሲሰማ ኖሯል። ሕግ ተማሪ ነበር። ልጁን አስፈቅጄ ስሙን ለቀጣዩ ሴሚስተር መምህሩ ነገርኩት፤ ወረቀቱን ግን ልጁ ይዞት ሄደ።